የአውራሪስን ቀንድ የሚገዛው ማን ነው?

በገዘር ለሕዝብ የቀረበ ንግግር

ስለ ዱር እንስሳት እንድናገር ስትጋብዙኝ ስለ ማጎ ዝሆንና ስለ ጎሹ እንደማወራ ጠብቃችሁ ይሆናል። ወደ ዝሆኑ እደርሳለሁ። የምጀምረው ግን እዚህ ከተቀመጡት ወጣቶች አንዱም በዱር ካላየው እንስሳ፣ ከአውራሪስ ነው።

አውራሪስ የዚህ ምድር እንስሳ ነበር። ከዚህ ከደጋው ሆናችሁ ቁልቁል በምታዩት የማጎና የኦሞ ቆላ፣ ቁጥቋጦ እየቀነጠበ ብቻውን የሚኖር ጥቁር አውራሪስ ነበር። ዛሬ በሀገራችን ዱር ውስጥ መኖሩ አይታወቅም። የንግግሬ ዓላማ ይህ እንስሳ ከመካከላችን የጠፋበትን ዋና ምክንያት ማሳየት ነው። ምክንያቱ ከዚህ እጅግ ርቆ የሚኖር፣ ኦሞን በስሙ እንኳ የማያውቅ ሰው ቀንዱን መፈለጉ ነው። በመጀመሪያ ቀንዱ ምን እንደሆነና እኛ ራሳችን ምን እናደርግበት እንደነበር እናገራለሁ። ቀጥዬ በየመንና በቬትናም የሆነውን አነሣለሁ። በመጨረሻ ወደ ማጎ እመለሳለሁ። የውጭውን ዓለም ዓመታት በአውሮፓ፣ የሀገራችንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጠራለሁ።

የአውራሪስ ቀንድ እንደ በሬ ቀንድ ውስጡ አጥንት የለበትም። ጥፍራችንና ፀጉራችን የተሠሩበት ኬራቲን የሚባለው ነገር ጠጥሮና ተጠቅጥቆ የሚወጣ ነው። ሥሩ ሳይነካ ቢቆረጥ እንደገና ያድጋል። ይህን ያህል ተራ ነገር ነው። በእንስሳው አፍንጫ ላይ እስካለ ድረስ ጥቅሙ ለእንስሳው ብቻ ነው፤ ጠላት ይከላከልበታል፣ መሬት ይቆፍርበታል። ዋጋ የሚያወጣው ሰው ትርጉም ሲሰጠው ነው፤ ያን ትርጉም ከሰጡት ሕዝቦች መካከል ደግሞ እኛም አለን።

በደጋው ኢትዮጵያ የጎራዴና የሾተል እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ ነበር። የመኳንንት ዋንጫም እንዲሁ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የጩቤ እጀታ በሀገሩ ሁሉ ከአውራሪስ ቀንድ እንደሚሠራ ጽፏል። በብዙ አገር ነገሥታት ዘንድ በዚህ ቀንድ ዋንጫ የተቀዳ መጠጥ መርዝ ካለበት ያሳያል የሚል እምነት ነበር። አንበሳ፣ ዝሆን ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው በፉከራው ይጠራው ነበር፣ በግብር አዳራሽም ቦታው ከፍ ይል ነበር። በሐመርና በጎረቤቶቹ ዘንድም ትልቅ አውሬ የገደለ ጎበዝ ይዘፈንለታል። ይህን የማነሣው የአባቶቻችንን ክብር ለመንቀፍ አይደለም። አንድ ጥያቄ ስላለኝ ነው፤ ሰው በጦርና በጋሻ ለስንት መቶ ዓመት አውራሪስ ሲገድል ኖሮ አውራሪሱ ሳይጠፋ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንዴት ጠፋ?

መልሱ ከመሣሪያው ይጀምራል፤ ጠመንጃ ነገሩን ለውጦታል። ነገር ግን ጠመንጃ ብቻውን አይበቃም። ለክብር የሚገድል ሰው አንዱን ገድሎ ስሙን ካስጠራ በኋላ ሌላ ሃያ የሚገድልበት ምክንያት የለውም። ክብሩ ደግሞ ከአደጋው የሚመጣ ስለሆነ ሁሉም የሚደፍረው ሥራ አልነበረም። ለሽያጭ የሚገድል ሰው ግን በቃኝ የሚልበት ቦታ የለውም፤ ገዢ እስካለ ድረስ ሁለተኛው ቀንድ ዋጋው እንደ መጀመሪያው ነው። አውራሪስ ደግሞ ለዚህ ዓይነት አደን የማይመች ፍጥረት ነው። እናቲቱ አንድ ግልገል ለ15 ወራት ያህል ታረግዛለች፤ ሌላ ለመድገም ሁለት ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትቆያለች። ጥይት በአንድ ደቂቃ የሚያጠፋውን ለመተካት ዓመታት ያስፈልጋሉ።

የገበያውን ጉልበት ለማየት ከቀይ ባሕር ማዶ እንነሣ። የመን ጎረቤታችን ናት፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የኖሩባት፣ ብዙ የመናውያንም እኛ ዘንድ ሱቅ ከፍተው የኖሩባቸው ዘመናት ነበሩ። የየመን ወንድ ወገቡ ላይ ጃምቢያ የሚባል ጩቤ ይታጠቃል። ለልጁ ጃምቢያ የሚያስታጥቅ አባት ልጁን ወደ ወንዶች ጉባኤ ማስገባቱ ነው። ከሁሉም የሚከበረው እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራው ነው፤ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይወዛል፣ ውስጡ ብርሃን እንደሚያሳልፍ ሆኖ ይታያል። ይህ ልማድ ጥንታዊ ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ዘመን እንዲህ ያለውን እጀታ መግዛት የሚችለው ባለጸጋ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ ሳዑዲ ዓረቢያ የጉልበት ሠራተኛ ፈለገች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የየመን ወጣቶች ተሻግረው ሠሩ፣ ገንዘብ ይዘው ተመለሱ። ትናንት የሼኩ ብቻ የነበረው እጀታ ዛሬ የግንበኛውም ሊሆን ቻለ። በእነዚያ ዓመታት በዓለም ገበያ ከሚወጣው የአውራሪስ ቀንድ ትልቁን ድርሻ የወሰደችው ሰሜን የመን ነበረች፤ ከምሥራቅ አፍሪካ የሚወጣው ቀንድ ወደዚያ ለመድረስ መንገዱ አጭር ነበር፣ ጅቡቲም አንዷ መተላለፊያ ነበረች።

ውጤቱን በቁጥር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1970 በአፍሪካ 65 ሺህ ያህል ጥቁር አውራሪሶች እንደነበሩ ይገመታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቀሩት ከ2,500 በታች ነበሩ። በሩቅ ምሥራቅ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀንድም ለዚህ የራሱ ድርሻ አለው፤ ከየመኑ ጋር ሆኖ ከኬንያ እስከ ዛምቤዚ ያለውን ዱር ባዶ አደረገው። የኛም አውራሪስ የጠፋው በዚሁ ማዕበል ውስጥ ነው። በሀገራችን ያኔ ጦርነት ነበር፣ መሣሪያ በየድንበሩ ይገባ ነበር፣ የፓርክ ጠባቂው ቁጥር ትንሽ ነበር። በዚያ ላይ ቀንድ ፈላጊ ሲጨመርበት ጥቂቶቹ የኦሞና የማጎ አውራሪሶች የሚተርፉበት መንገድ አልነበረም።

ስለ የመን የምናገረውን በዚህ ብቻ ባቆም ግማሹን እውነት ደበቅሁ ማለት ነው። ሰሜን የመን እ.ኤ.አ. በ1982 የቀንድ ማስገባትን ከለከለች። በወረቀት ላይ ያለ ክልከላ ወዲያው አልሠራም። በ1992 ግን የሀገሪቱ ታላቅ ሙፍቲ ለጩቤ እጀታ ሲባል አውራሪስን መግደል የአላህን ፈቃድ የሚጻረር ነው ብለው ፈትዋ ሰጡ። አንጥረኞቹ የጎሽ ቀንድን ወደ መጠቀም ዞሩ። የገንዘቡ ዘመንም አለፈ፤ የሳዑዲው ሥራ ተቋረጠ፣ ሀገሪቱ ደኸየች። እነዚህ ነገሮች ተደማምረው የየመን ገዢ ተመናመነ። ጃምቢያው ግን አልጠፋም፤ ዛሬም አባት ለልጁ ያስታጥቃል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ትልቅ ነው። ሰዎች ባህላቸውን ጥለው አይደለም ገበያው የቀዘቀዘው፤ በባህላቸው ውስጥ አንዱን ዕቃ በሌላ ተክተው ነው፤ የሚሰሙት የሃይማኖት አባትም በራሳቸው ቋንቋ ስለነገራቸው ነው። ከውጭ መጥቶ ባህላችሁ አረመኔ ነው ያላቸው ሰው ቢሆን ኖሮ የሚሰማው አያገኝም ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ቬትናም። በቻይናና በአካባቢዋ የአውራሪስ ቀንድ ለሺህ ዓመታት የትኩሳት መድኃኒት ተብሎ ሲሰጥ ኖሯል። ብዙ ሰው ቀንዱ የሚፈለገው ለወሲብ ጉልበት ነው ይላል፤ የምሥራቁ ሐኪሞች መጻሕፍት የሚሉት ግን ስለ ትኩሳትና ስለ መርዝ ነው። ይህን የማርመው ለክርክር ብዬ አይደለም፤ የገዢውን ሐሳብ በተሳሳተ መንገድ የተረዳ ሰው ሊያሳምነው ስለማይችል ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1993 የቀንዱን ንግድ ከልክላ ከመድኃኒት መዝገቧ አወጣችው። ነገሩ ያበቃ መሰለ፤ በደቡብ አፍሪካ በ2007 በሕገወጥ አዳኞች የተገደሉት አውራሪሶች 13 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በቬትናም አንድ ወሬ ተነሣ፤ አንድ ባለሥልጣን በአውራሪስ ቀንድ ከካንሰር ዳኑ ተባለ። የባለሥልጣኑ ማንነት ተጣርቶ አልታወቀም፤ ወሬው ግን ተስፋ የቆረጠ ሕመምተኛ ወዳለበት ቤት ሁሉ ገባ። ኢኮኖሚው በፍጥነት እያደገ ስለነበር አዲስ ሀብታሞችም ነበሩ፤ እነሱ ቀንዱን ፈጭተው ከመጠጥ በኋላ ይወስዱታል፣ ለአለቃና ለንግድ ሸሪክ በስጦታ ይሰጡታል። ዋጋው በኪሎ እስከ 60 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ደርሷል እስኪባል ወጣ። በ2014 በደቡብ አፍሪካ ብቻ 1,215 አውራሪሶች ተገደሉ። በሰባት ዓመት ውስጥ ከ13 ወደ 1,215። በእነዚያ ዓመታት የደቡብ አፍሪካ ጠባቂ ከፊተኛው ይልቅ ሰንፎ አልነበረም፤ የተለወጠው ሃኖይ ውስጥ ያለው ገዢ ነው። ቬትናም ራሷ የነበራትን የጃቫ አውራሪስም አላተረፈችም። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2010 ካት ቲየን በተባለው ፓርክ እግሩ ላይ ጥይት ይዞ፣ ቀንዱ ተቆርጦ ሞቶ ተገኘ።

ለታመመ አባቱ ያንን ዱቄት የሚገዛውን ሰው ክፉ ብዬ ልጠራው አልችልም። ልጅ ለአባቱ ያለውን ሁሉ ይሸጣል። ተወቃሹ ጥፍር የሚያህል ጥቅም የሌለውን ነገር መድኃኒት ነው ብሎ የሸጠለት ሰው ነው።

አሁን ወደ ማጎ እንውረድ። የማጎ ብሔራዊ ፓርክ ስፋቱ 2,162 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ ከኦሞ ፓርክ ጋር ሆኖ በሀገራችን ዝሆን ከቀረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከ10 ሺህ በላይ ዝሆኖች እንደነበሩ፣ አሁን የቀሩት ከ2,500 እስከ 3,000 እንደሚሆኑ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ሰዎች ተናግረዋል። በግንቦት 2012 ዓ.ም. ዓለም ሁሉ ኮሮናን ፈርቶ ቤቱ በተቀመጠበት ወር፣ በአንድ ቀን ስድስት የማጎ ዝሆኖች ተገደሉ። ውኃ ሊጠጡ ከፓርኩ ሲወጡ ነው የተመቱት። ጥርሳቸው ተወሰደ። በዚያ ቀን የሆነው ነገር ከአውራሪሱ ታሪክ አይለይም፤ የቀንዱን ቦታ ጥርስ ያዘ እንጂ።

እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር አዲስ አበባ ውስጥ ጣት የሚቀሰረው በሙርሲው፣ በቦዲው፣ በኛንጋቶሙ ላይ ነው። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ። የዚህ አካባቢ ሰው የዝሆን ጥርስ አይበላም፣ አይጠጣም፤ ጥርሱ ሸቀጥ የሆነው ከደጋ የሚመጣ ነጋዴ ሲፈልገው ነው። በምኒልክ ዘመን የማጂ ነጋዴዎችና ወታደሮች ወደ ኦሞ የወረዱት አንዱ ምክንያታቸው ጥርስ ነበር። ዝሆን የገደለ አዳኝ ከሁለቱ ጥርስ አንዱን ለገዥው እንዲያስረክብም ይገደድ ነበር። ከዚያ በኋላም የቆላው ሰው ጥርስና የነብር ቆዳ እየሰጠ ጠመንጃና ጥይት ይለውጥ ነበር፤ ጠመንጃ የፈለገው ከብቱን ጎረቤቱ እንዳይነዳበት ነው። ስለዚህ የዝሆን ጥርስ ገበያ እዚህ አልተወለደም፤ ከላይ የወረደ ነው። ከዚያ ገበያ ትንሹን የሚያገኘው ደግሞ ተኳሹ ነው። በጫካው ውስጥ ሕይወቱን አስይዞ የተኮሰው ሰው ጥቂት ገንዘብ ወይም ጥይት ይቀበላል፤ ዋጋው ከደላላ ወደ ደላላ ሲሻገር ያድጋል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ይበዛል፣ ባሕር ሲሻገር ደግሞ ተኳሹ ሊያስበው የማይችለው ይሆናል። ሲያዝ የሚታሰረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተኳሹ ነው።

ሌላም መጨመር አለብኝ። የፓርኩ መሬት ፓርክ ከመባሉ በፊት የግጦሽና የአደን መሬት ነበር። አርብቶ አደሩን በዚህ አትግባ፣ ያንን አትግደል ስንለው ኖረናል፤ ከእንስሳቱ በሕይወት መኖር ምን እንደሚያገኝ ግን በበቂ አላሳየነውም። ቱሪስቱ የሚከፍለው ገንዘብ ወደ ቀበሌው ውኃ ጉድጓድና ወደ ከብት ክትባት ሲለወጥ ካላየ፣ ሕያው ዝሆን ለእሱ እርሻ የሚረግጥ አውሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከጂንካ ወደ ሃና የሚወስደው መንገድ በማጎ ውስጥ ያልፋል፤ በአካባቢው የስኳር ፋብሪካ ሲመጣ ሰው በዝቷል፣ መኪና በዝቷል። መንገዱን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ ሕመምተኛም በዚያው መንገድ ወደ ጂንካ ሆስፒታል ይደርሳል። ነገር ግን ጥርስ የሚጠይቅ እንግዳም በዚያው መንገድ ይመጣል።

ገበያው በሀገራችን ውስጥም ነበር። ኢትዮጵያ የመጥፋት አደጋ በተጋረጠባቸው ዝርያዎች ንግድ ላይ በተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ የገባችው በ1981 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ ሱቆች ከዝሆን ጥርስ የተሠራ የአንገት ጌጥ፣ አምባርና መስቀል በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ ይሸጥ ነበር። የሚገዙት በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ። በጥር 1997 ዓ.ም. መንግሥት ሱቆቹን ፈትሾ ዕቃውን ወረሰ። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ በብዙ ዓመታት ሲያዝ የተከማቸ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ ተቃጠለ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው፣ ድሃ ሀገር ይህን ያህል ሀብት ለምን ታቃጥላለች ብሎ ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴም አጭር ነው። መንግሥት ጥርስ ቢሸጥ ኖሮ፣ ነገ አንድ ደላላ ከማጎ ያመጣውን ጥርስ ይህ ከመንግሥት የተገዛ ነው ለማለት መንገድ ያገኛል። ሕጋዊ ሽያጭ ባለበት ገበያ ሕገወጡን ለይቶ መያዝ ፖሊስን የሚያደክም ሥራ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ በደቡብ አፍሪካ ያሉ የአውራሪስ አርቢዎች በተቃራኒው ይከራከራሉ፤ ቀንዱን እየቆረጥን ብንሸጥ እንስሳው ይተርፋል ይላሉ። ጠባቂና አጥር ላለው ባለ እርሻ ሐሳቡ ሊያስኬድ ይችላል። ለማጎ ግን አያስኬድም። በማጎ ዱር ዝሆን ሳይሞት ጥርሱን ከነሥሩ የምናወጣበት መንገድ የለም።

ፍላጎት ይቀንሳል ወይ? ይቀንሳል፤ ማስረጃም አለ። ኤስመንድ ማርቲን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነበር። ኑሮውን ናይሮቢ አድርጎ፣ ከባልደረባው ከሉሲ ቪን ጋር ከሰንዓ እስከ ቤጂንግ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ የቀንድና የጥርስ ዋጋ ሲመዘግብ ዕድሜውን ጨረሰ። ስለ የመን ጃምቢያ ዛሬ የምናውቀውን አብዛኛውን ያወቅነው በእሱ ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ናይሮቢ በሚገኘው ቤቱ ተገድሎ ተገኘ። ሁለቱ እንዳጠኑት፣ በቻይና የአንድ ኪሎ ጥሬ የዝሆን ጥርስ ዋጋ በ2014 መጀመሪያ 2,100 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በ2015 መጨረሻ ወደ 1,100 ወረደ። በ2017 መጀመሪያ 730 ሆነ። በመካከል የሆነው ምንድን ነው? ኢኮኖሚው ትንሽ ቀዝቅዟል፤ በሙስና ላይ ዘመቻ ስለተጀመረ ባለሥልጣን ውድ ስጦታ መቀበል ፈርቷል፤ ታዋቂ ሰዎች አትግዙ ብለው ቀስቅሰዋል፤ መንግሥትም ገበያውን እስከ 2017 መጨረሻ ሙሉ በሙሉ እንደሚዘጋ አስታውቋል፣ ዘግቶታልም። ነጋዴው ነገ የማይሸጠውን ዕቃ ዛሬ በውድ አይገዛም። በደቡብ አፍሪካም የሚገደለው አውራሪስ ከዚያ የ2014 ጣሪያ ወርዷል፤ በ2023 499 ነበር። ይህ አሁንም ብዙ ነው። ደግሞም አንዱ ገበያ ሲዘጋ ደላላው ወደ ሌላ ሀገር እንደሚሸሽ አይተናል፤ የቻይናው ሲዘጋ ላኦስና ቬትናም ሱቆች ተከፍተዋል። ስለዚህ ጠባቂውን እንተው አልልም። በቂ ደመወዝ፣ በቂ ውኃና በቂ ሬዲዮ ሳይኖረው ማጎን በእግሩ የሚያካልለው ስካውት የምንኮራበት ሰው ነው። ነገር ግን ገዢውን ሳንነካ በስካውቱ ላይ ብቻ ከተደገፍን፣ ዋጋው ባሻቀበ ጊዜ ሁሉ የሚሞተው እሱ ነው።

እኛ ገዘር ተቀምጠን የሃኖይንና የቤጂንግን ገዢ እንዴት እንነካለን ትሉኝ ይሆናል። በቀጥታ አንነካውም። ሰንሰለቱ ግን በእኛ መካከል ያልፋል። ከማጎ የወጣ ጥርስ በክንፍ አይበርም፤ በሰው ጀርባ፣ በሞተር ብስክሌት፣ በጭነት መኪና ነው የሚሄደው፤ በመንደር ያድራል፣ በጂንካ ያልፋል። በቅዳሜው ገበያ ከቡናና ከበቆሎ ሻጮች መካከል ቆሞ በሹክሹክታ ጥርስ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ አይታይም። የዱር እንስሳት አዋጅ ጥርሱን የያዘውንም፣ የሚያጓጉዘውንም ይቀጣል። ሕጉ አለ፤ ጆሮና አፍ ያለው ምስክር ነው የጎደለው።

ስለዚህ ለሦስት ወገን ልመናዬን ላቅርብ። ለሽማግሌዎች፦ የየመኑን ሙፍቲ አስቡ፤ በዚህ ሀገር የእናንተ ቃል ከአዋጅ በላይ ይከበራል። በአሪም፣ በሐመርም፣ በሙርሲም ሽማግሌ ያወገዘውን ነገር ወጣት ደፍሮ አያደርገውም። ዝሆንን ለሽያጭ መግደልን አውግዙ። ለወረዳና ለዞን ኃላፊዎች፦ ከፓርኩ የሚገኘው ገቢ ለአርብቶ አደሩ ቀበሌዎች የሚደርስበትን መንገድ በግልጽ አስቀምጡ፣ ምን ያህል እንደደረሰም በጉባኤ ንገሩ። ለወጣቶች፦ ጥርስ፣ የነብር ቆዳ ወይም ቀንድ ግዛልኝ፣ አሻግርልኝ የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም ለቅርብ ፖሊስ ጣቢያ በዚያው ቀን ንገሩ። የማጎ ዝሆኖች ጥቂት ናቸው፤ አንዲት እናት ዝሆን አንድ ግልገል ለመውለድ 22 ወራት ታረግዛለች። በአውራሪሱ ላይ የደረሰው በዝሆኑ ላይ እንዳይደርስ ለማድረግ ያለን ጊዜ አጭር ነው፤ ዛሬ ወደየቀበሌያችሁ ስትመለሱ ለጎረቤቶቻችሁ ይህንኑ ንገሯቸው።